ዋተር ፍሎሰር፦ የቱን ልግዛ? እንዴትስ ልጠቀምበት?

ብሩሽ የጥርስን ፊት፣ ጀርባና ማኘኪያውን ይደርሳል። ሁለት ጥርሶች ተጠጋግተው የቆሙበት መሃል ግን አይገባም። ድድ የሚያስቆጣው፣ አፍ እንዲሸት የሚያደርገው፣ እያደርም ጥርስን ከጎኑ የሚቦረቡረው እዚያ የሚቀረው ትርፍራፊና የባክቴሪያ ሽፋን ነው። መላው ድሮም ይታወቃል፤ የጥርስ ክር ነው። ግን እውነቱን እንነጋገርና፣ ክር በየቀኑ የሚጠቀመው ስንቱ ነው? ክሩን ጣት ላይ ጠምጥሞ፣ አፍን በሰፊው ከፍቶ፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ መግባት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ማታ ደክሞት የገባ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ ቀድሞት ተኝቷል።

በጥርሶች መሃል ውሃ በግፊት እየረጨ የሚያጸዳው ማሽን፣ የዋተር ፍሎሰር፣ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ሰው ቶሎ አይተወውም። ስለዚህ ስትመርጡም ስትጠቀሙም "የትኛው ይበልጥ ኃይለኛ ነው?" ከማለት "የትኛውን በየቀኑ አነሳዋለሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ሞተር ውሃውን ከማጠራቀሚያው ይስብና በቀጭን ጫፍ በኩል በግፊት ይረጨዋል። ውሃው ሳይቋረጥ የሚፈስ አይደለም፤ መታ ለቀቅ፣ መታ ለቀቅ እያለ ነው የሚወጣው፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ይህ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። መታ ሲል ቆሻሻውን ያላቅቃል፣ ለቀቅ ሲል የላላው ታጥቦ ይወጣል። ሐሳቡም የትናንት አይደለም። ጄራልድ ሞየር የተባለ የጥርስ ሐኪምና ጆን ማቲንግሊ የተባለ የሃይድሮሊክ መሐንዲስ በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ባለችው ፎርት ኮሊንስ ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. አብረው የሠሩት ነው። ዋተርፒክ የሚባለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው የየትኛውንም ኩባንያ ማሽን ዋተርፒክ ብሎ ይጠራዋል።

የማይሠራውን አስቀድመን እንወቅ

ብሩሽን አይተካም። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ፕላክ የሚባለው የሚያጣብቅ ሽፋን ተፈትጎ ነው የሚለቀው፤ ውሃ ብቻውን ከሰፊው የጥርስ ገጽ ላይ አጥቦ አይጨርሰውም። ፕላኩ ሳይነሳ ከቆየ ደግሞ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደንደን ይጀምራል። ያ የደነደነው ታርታር ይባላል። ታርታር ላይ ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ ብትተኩሱት ንቅንቅ አይልም፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ማስነሳት ብቻ ነው። "ታርታር ቤትዎ ሆነው ያስወግዱ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ክርንስ ይተካል? ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ክር የጥርስን ጎን ይፍቃል፣ በተለይ ሁለቱ ጥርሶች ተነካክተው የሚጣበቁበትን ጠባብ ቦታ። ውሃ ደግሞ ከድድ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ያጥባል፣ ሽቦና ብሪጅ (የጎደለ ጥርስን ከጎኑ ካሉት ጋር አያይዞ የሚተካ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ስር ይገባል። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው እሰየው። ክር ፈጽሞ የማይነካ ሰው ግን ዋተር ፍሎሰር ቢይዝ ምንም ካለማድረግ እጅግ ይሻለዋል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም ፕላክንና የድድ ብግነትን ለመቀነስ ይረዳሉ ላላቸው አንዳንድ ዋተር ፍሎሰሮች የእውቅና ማኅተሙን ሰጥቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የማስታወቂያ ወሬ ብቻ አይደለም።

ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚጠቀሙበትም አሉ። ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ያደረገ ሰው ክር በሽቦው ስር ለማሾለክ የሚያየውን አበሳ እሱ ነው የሚያውቀው፤ በውሃ ግን የደቂቃ ሥራ ነው። ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ)፣ ብሪጅ ወይም ክራውን (ጥርስ ላይ የሚገጠም ሽፋን) ያለው፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ የሚያመው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበትም እንዲሁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለድድ በሽታ የበለጠ የተጋለጠ ስለሆነ የጥርሱን መሃል ችላ ሊል አይገባውም።

በሌላ በኩል ጥርስ የተነቀለለት ወይም አፉ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙ እሺ እስኪለው ድረስ ማሽኑን አይንካ። ጥርሱ የወጣበት ጉድጓድ የሚድነው በረጋው ደም ተሸፍኖ ነው፤ ያንን ደም በውሃ ግፊት ካነሳችሁት ሕመሙ ከመነቀሉ ይብሳል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው፣ ወይም ከጥርስ ሕክምና በፊት አንቲባዮቲክ ውሰድ የሚባል ሰው ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምርጫው

ዓይነታቸው ሦስት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ ገመድ፣ በእጅ የሚያዝ ባለ ባትሪ፣ እና ከቧንቧ ጋር የሚገጠም። የመጨረሻውን ቶሎ ልለፈው፦ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ አይጮኽም፣ ግን ኃይሉ ሙሉ በሙሉ የቧንቧችሁ ነው፤ ማገናኛውም ለሁሉም ቧንቧ አይገጥምም። የውሃ ግፊታችሁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ይቅርባችሁ።

ባለ ገመዱ ከ600 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር አካባቢ ውሃ ይይዛል። አንዴ ከሞላችሁት አፋችሁን ጨርሳችሁ ውሃው ሊተርፍ ይችላል። የግፊት ደረጃው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ 10 ደረጃ አለው። የምትይዙት ቀጭኑን እጀታ ብቻ ስለሆነ እጅ አይከብድም። ችግሩ ቦታ ይወስዳል፣ ሶኬት ይፈልጋል፣ ይጮኻል። የምሬን ነው፣ ይጮኻል፤ ግድግዳው ስስ በሆነ ቤት ሌሊት ብትከፍቱት የተኛው ሁሉ ጥርሳችሁን እያጸዳችሁ እንደሆነ ያውቃል።

ባለ ባትሪው ውሃውን እጀታው ውስጥ ነው የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሊትር። ይህ ትንሽ ነው። ትንሹን ከገዛችሁ የላይኛውን ጥርስ ጨርሳችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ውሃው አለቀ ማለት ነው፤ እንደገና ቀድታችሁ ትቀጥላላችሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይመስልም። በሁለተኛው ወር ግን ሰዎች መድገሙን ይተዉትና የታችኛው ጥርስ ሳይታጠብ ያድራል። ስለዚህ ባለ ባትሪ የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት የማጠራቀሚያውን መጠን እዩ፤ ወደ 300 የተጠጋውን ምረጡ። ከሞላ በኋላ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይሻላል። ጉዞ የምታበዙ ከሆነ፣ ወይም ሲንክ አጠገብ ሶኬት ከሌላችሁ፣ ይኸኛው ነው የእናንተ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ሲንክ አጠገብ ቋሚ ቦታ ያለው ሰው ባለ ገመዱን ይግዛ። ቦታ ከሌለ ግን አይግዛ። በየቀኑ ከካቢኔት እየወጣ፣ እየተሰካ፣ ተመልሶ የሚገባ ማሽን ዕድሜው አጭር ነው፤ ሳይበላሽ ነው የሚሞተው።

አሁን ስለ ግፊት። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ትልቁ ቁጥር ነው። የግፊት መለኪያው ፒ.ኤስ.አይ. (PSI) ይባላል፤ ጠንካራ የሚባሉት ማሽኖች ከ10 እስከ 100 አካባቢ ይሄዳሉ። እኔ የማየው ግን ትንሹን ቁጥር ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ለተቆጣ ድድ የሚመች ለስላሳ ካልሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አሟችሁ ትተዉታላችሁ። 100ን ብዙ ሰው አይደርስበትም፣ ሊደርስበትም አያስፈልገውም። ርካሾቹ ባለ ባትሪዎች ላይ አንዳንዴ "ለስላሳ" የተባለው ራሱ ይወጋል፤ ከተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ መዳፋችሁ ላይ ሞክሩት። "ማሳጅ"፣ "ፐልስ"፣ "ዴንታል" እያሉ የሚደረድሯቸው ሞዶች ብዙም አያሳስቧችሁ፤ አብዛኞቹ የግፊቱና የፍጥነቱ መለዋወጥ ናቸው። ሦስት በደንብ የሚለያዩ የግፊት ደረጃዎች ካሉ ይበቃል።

ጫፎቹን በተመለከተ፣ ለአብዛኛው ሰው መደበኛው ጫፍ በቂ ነው። ብሬስ ላለው ጫፉ ላይ ትንሽ ብሩሽ ያለው አለ። ኢምፕላንትና ብሪጅ ላለው ቀጫጭን ጸጉር ያለው፣ ጥልቅ የድድ ኪስ (ድድ ከጥርስ ተላቆ የሚፈጠር ክፍተት) ላለው ደግሞ በዝቅተኛ ግፊት ብቻ የሚሠራ ለስላሳ የጎማ ጫፍ አለ፤ የጎማውን ሐኪም ሳያሳያችሁ አትጀምሩት። ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ጫፎች በየ3 እስከ 6 ወሩ ይቀየራሉ። መለዋወጫ ጫፉን የማታገኙለት ማሽን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ በዓመቱ ዕቃ ማስቀመጫ ይገባል። ስለዚህ ማሽኑን ከማየታችሁ በፊት ጫፉ መኖሩን ጠይቁ።

ሌሎች ቶሎ የሚታዩ ነገሮች፦ ማጠራቀሚያው ተነቅሎ በእጅ የሚታጠብ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ይሁን፤ እጅ የማይገባበት ከሆነ ውስጡ ይሻግታል። ጫፉ ሙሉ ዙር የሚሽከረከር ከሆነ የኋላ ጥርሶችን ለመድረስ እጃችሁን አታጣምሙም። ባለ ባትሪው ላይ አይፒኤክስ7 (IPX7) የሚል ጽሑፍ ካለ በ1 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ አያስገባም ማለት ነው፤ በእርጥብ እጅ ለሚያዝ ነገር ይህ ይፈለጋል። ከሌላ አገር የሚመጣ ባለ ገመድ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን አንብቡ። ለ110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የተሠራን ማሽን 220 ቮልት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረጉት ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አጠቃቀሙ

በመጀመሪያው ቀን ትረጥባላችሁ። መስታወቱም፣ ሸሚዛችሁም ይረጥባል። ለሥራ ለብሳችሁ አትጀምሩ፤ ማታ ይሁን፣ ፎጣ አንገታችሁ ላይ ጣል አድርጉ።

ማጠራቀሚያውን ለብ ባለ ውሃ ሙሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ለሚነዝረው ጥርስ መከራ ነው፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ ማሽኑንም ድዱንም ይጎዳል። ውሃው የምትጠጡት ዓይነት ንጹሕ መሆን አለበት፤ በቧንቧው ውሃ ካልተማመናችሁ የተፈላና የቀዘቀዘ ተጠቀሙ። ጫፉን ቀጭ እስኪል ግፉት፤ በደንብ ያልገባ ጫፍ ሲከፈት ይተኮሳል። ግፊቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ማሽኑ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሲንኩ እያያችሁ ለጥቂት ሰከንድ አስኪዱት፣ ውስጡ ያለው አየር ይውጣና ውሃው ይስተካከላል።

ከዚያ ሲንኩ ላይ ጎንበስ በሉ። ትንሽ ሳይሆን በደንብ፣ አገጫችሁ ሲንኩ ውስጥ እስኪሆን። ጫፉን አፋችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ከንፈራችሁን ውሃው እንዳይረጭ ያህል ገጠም አድርጉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ክፈቱት። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ማሽኑን ከፍቶ ወደ አፍ መውሰድ ነው ግድግዳውን የሚያጥበው። ሲፈስ አትዋጡት፣ አትያዙት፤ አፋችሁ እንደተገጠመ በጎኑ ወደ ሲንኩ ይውረድ። መስታወት ለማየት ቀና ካላችሁ ውሃው በክንዳችሁ በኩል ወደ ብብታችሁ ይሄዳል፤ በእጃችሁ ስሜት ነው የምትሠሩት፣ በሁለት ሦስት ቀን ትለምዱታላችሁ።

ጫፉ የሚያነጣጥረው ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፣ በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ወይ የጥርሱን ገጽ ብቻ ያጥባል፣ ወይ ጫፉን ድዱ ውስጥ ሊሰካ ይሞክራል። መስመሩን ተከተሉ። ከመጨረሻው መንጋጋ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ኑ፣ የሁለት ጥርሶች መሃል ላይ በደረሳችሁ ቁጥር አንድ ሁለት ሰከንድ ቆም በሉ። የላይኛውን በውጭ በኩል ከጨረሳችሁ በምላስ በኩል ያለውን ድገሙት፣ ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። የታችኛው የፊት ጥርሶች ውስጠኛው በኩል ላይ ትንሽ ቆዩ፤ የምራቅ ዕጢ እዚያ አጠገብ ስለሚከፈት ታርታር ቶሎ የሚሠራው እዚያ ነው። ከመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ ያለውንም አትዝለሉት፤ ብሩሽ እምብዛም የማይደርስበት ነው። ሙሉ አፍ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ማሽኑን አጥፉት፣ ከዚያ ብቻ ጫፉን አውጡት።

ከምላስ ስር ያለው ስስ ሥጋ፣ ጉሮሮና ቶንሲል ላይ አታነጣጥሩ። ቶንሲል ላይ የሚታዩትን ነጫጭ ነገሮች በውሃ ግፊት ማስወጣት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ፤ አትከተሏቸው፣ ቦታው ቶሎ ይቆስላል። አፍንጫና ጆሮማ ፈጽሞ አይነካም።

ግፊቱን ለጥቂት ቀናት ዝቅተኛው ላይ ተዉት፣ ከዚያ አንድ ደረጃ እያደረጋችሁ ጨምሩ። ልኩ እንዴት ይታወቃል? ጠንካራ ሆኖ ይሰማችኋል፣ ግን አያምም። ካመማችሁ በዛ፤ ወደ ታች መልሱት። ከፍ ያለ ግፊት ይበልጥ ያጸዳል ብሎ ጥርስ ነክሶ መቻል ጀግንነት አይደለም።

ደም ብታዩ አትደንግጡ፣ ማጽዳቱንም አትተዉ። ብዙ ጊዜ ድድ የሚደማው ቀድሞውኑ ስለተቆጣ ነው፤ መሃሉ በየቀኑ ሲጸዳ መድማቱ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ግፊቱን ዝቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚደማ ከሆነ፣ ድዱ ካበጠ፣ መግል ካያችሁ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ግን ማሽኑ የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለት ሳምንት ሳይጠብቅ ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።

ከብሩሽ በፊት ወይስ በኋላ? ሁለቱም ይሆናል፣ እኔ ግን በፊት ባይ ነኝ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርስ ላይ ሲቆይ ነው የሚጠቅመው፤ ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሊትር ውሃ ከረጫችሁበት ያንኑ አጥባችሁ ደፋችሁት። መጀመሪያ መሃሉን እጠቡ፣ ከዚያ ቦርሹ፣ ተፍታችሁ ብቻ ተኙ። በቀን አንዴ ይበቃል፤ ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ራሱን የሚያጥብበት ነገር የለውም።

የአፍ መጉመጥመጫ መጨመር የሚወዱ አሉ። የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ድረስ ይቻላል፣ ግን ስትጨርሱ ንጹሕ ውሃ አስኪዱበት። ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ዘይትነት ያለው ነገር አትጨምሩ፤ ፓምፑን ይደፍናሉ፣ ያበላሻሉ። በረኪናማ ለአፍም ለማሽንም መርዝ ነው። ባዶ ውሃ ሥራውን ይሠራል።

ልጆች ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ አዋቂ አጠገባቸው ቆሞ፣ በዝቅተኛው ግፊት መጠቀም ይችላሉ። አንዱን ማሽን ቤተሰቡ ሁሉ ሊጋራው ይችላል፣ ጫፍ ግን አይጋሩም። ብዙዎቹ ጫፎች ቀለም ያለው ቀለበት ያላቸው ለዚህ ነው።

ማሽኑንም ማጽዳት አለ

አፋችሁን የምታጸዱበት ዕቃ ውስጡ ከሻገተ ትርፉ ምንድነው? በተጠቀማችሁ ቁጥር የተረፈውን ውሃ ድፉ፣ ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ አስኪዱትና ቱቦው ውስጥ የቀረው ይውጣ፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱትና ይድረቅ። "ለነገ ይሆነኛል" ብላችሁ ውሃ አታሳድሩበት።

ውሃችሁ ማዕድን የሚበዛበት ከሆነ፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ማለቴ ነው፣ በወር አንዴ አቼቶ ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምሩ፣ ግማሹን ወደ ሲንኩ አስኪዱት፣ አጥፍታችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ቀሪውን ጨርሱትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጫፉን ለብቻው አቼቶ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉት። ባለ ገመዱን ስታጸዱ መጀመሪያ ንቀሉት፤ የሞተሩን ክፍል ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ገላ ስትታጠቡም አትጠቀሙበት።

ኃይሉ ቀነሰ ብላችሁ ማሽኑን ከመጣላችሁ በፊት ጫፉን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የተደፈነው እሱ ነው። ካልሆነ ማጠራቀሚያው በቦታው በደንብ መቀመጡን፣ ከስሩ ያለችው ትንሽ ጎማ አለመውጣቷን፣ ቱቦው አለመታጠፉን እዩ። ከዚያ አቼቶውን ሞክሩ። ባለ ባትሪ ከሆነ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ እዩት፤ ከሞላም በኋላ ደካማ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፣ የአብዛኞቹ ባትሪ ደግሞ አይቀየርም። የቻርጀር መሰኪያው ሽፋን ሁልጊዜ ይዘጋ፣ ሳይደርቅ አትሰኩት፤ ባለ ባትሪዎቹን ቀድሞ የሚገድላቸው በዚያች ቀዳዳ የሚገባ ውሃ ነው።